ዶግ ከየት መጣ?

«ዶግ ከየት መጣ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጡረተኛው ሹፌር የቡና ስኒውን ወደ አፉ እየወሰደ ነበር፤ እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ልጇን ከቀበረች ሳምንት ያልሞላት እናት፣ ከጠዋት ጀምሮ ከአሜን በቀር አንድ ቃል ሳትተነፍስ ውላ፣ አፏን የከፈተችው ለዚህ ነው። ሰውዬው በሩን አየ። ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር አየ። ውሻ የሚባል ነገር የለም።

«ምን አልሽኝ እቴ?»

«ዶግ። ውሻ በእንግሊዝኛ። ቃሉ ከየት እንደመጣ ታውቅ እንደሆነ ብዬ ነው። አንተ ያልዞርክበት አገር የለም።»

እርግጥ ነው ዞሯል። የዞረው ግን ሲሚንቶ ጭኖ ነው፤ በየደረሰበት አራግፎ ይመለሳል እንጂ ቁጭ ብሎ ስለ ቃል የሚያወጋበት ጊዜ አልነበረውም። ከልብስ ሰፊዋ ጋር ግድግዳ ተካፍለው ስንት ዘመን ኖረዋል፤ የልጅቷንም ሬሳ ከሆስፒታል ያመጣው እሱ ነው። መልሱ ቢኖረው ከኪሱ አውጥቶ በሰጣት ነበር። ስለሌለው «ውሻ መቼም የትም አለ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ በተናገረው አፈረ።

እሷ ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን ከሱ ቀጥላ ወደተቀመጠችው ሴት አዞረች። «አንቺስ የኔ እናት፣ አታውቂም?»

የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሹፌሩን በዓይኗ ጠቀሰችው። ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«እንዳትታዘባት ጋሼ። ትናንትም የገባውን ሰው ሁሉ ይሄንኑ ስትጠይቅ ነው ያመሸችው።»

«ምን ብዬ ልመልስላት ታዲያ?»

«አላውቅም በላት። ሌላ ምን ይባላል።»

ወሬ እግር አያጣም። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው የተቀመጡት ሴቶች ዘንድ ነገሩ ከሹፌሩ ቀድሞ ደርሷል። አንዷ ወደ ሌላዋ ተጠግታ «ስለ ውሻ ነው አሉ የምታወራው» ትላለች። ሌላዋ ከንፈሯን ትመጣለች። «ያውም አንድ ልጅ። እኔ ብሆን ጨርቄን ጥዬ መንገድ ለመንገድ ነበር የምሄደው።»

ሰው አያውቅምና አይፈረድበትም። ልብስ ሰፊዋ ግን ጨርቋን አልጣለችም። በዚያ ቤት ውስጥ የሚፈልገውን ነገር እንደሷ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልጇ ልትነግራት ስትል ያልሰማቻት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ከየትም ፈልጋ ልትሰማ ነው። ይሄ እንዲገባ ግን ነገሩን ከሥሩ ማውራት ይሻላል።

ልጅቷ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። ተማሪዎቿ ስም አውጥተውላት «ከየት መጣ» ይሏታል፤ ክፍል ስትገባ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጽፋ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ሳትል ትምህርት አትጀምርም። ስትስቅ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። በዚሁ ምላሷ የተነሳ ሊያገቧት ደጅ የጠኑ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ሲቀሩ፣ እናት ብትቆጣ «እግር አላቸው፣ ይሂዱ» ብላ ሻይዋን ትጠጣለች። ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ ተሰጥቷት «እማ ብቻዋን ምን ትሆናለች» ብላ መቅረቷን ግን ለእናቷ አልነገረችም። እናት ይሄን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው፤ ሰምታም ዝም አለች። እነሱ ሁለቱ እንዲህ ነበሩ። ሌላው ሰው በእንባ የሚያወራውን ነገር በጨዋታ ያልፉታል።

ጨዋታው የተጀመረው ልጅቷ ከመምህራን ኮሌጅ ጨርሳ የመጣች ሰሞን ነው። እናት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር።

«እማ፣ በተን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ቁልፍ ነዋ። ዕድሜዬን ሙሉ ከመሬት የምለቅመው።»

«አሁን ቁልፍ ነው። ከሥሩ ግን ከመግፋት የመጣ ነው። ገፊ እንደማለት።»

እናት በጣቶቿ መሀል ያለውን ቁልፍ አየችው። በቀዳዳው አሳልፋ ገፋችው። «እውነትሽን ነው» አለች። ያን ቀን ቁልፍ በያዘች ቁጥር ብቻዋን ፈገግ ስትል ዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሽኑ ካልጮኸ በቀር ድምፅ የማይሰማበት ቤት ነበር፤ በቁልፍ መሳቅ ለራሷም ገረማት።

ቃል እንደ ልብስ ነው ትላት ነበር ልጅቷ፤ ስፌቱን ብትፈቺው ከውስጡ የሌላ አሮጌ ልብስ ቁራጭ ታገኛለሽ። «እንግዲያው እንግሊዝም አሮጌ ኮት ገልብጦ ነው የሚሰፋው በይኛ» አለች እናት። ልጅቷ ይቺን አባባል ክፍል ወስዳ ለተማሪዎቿ ነገረቻቸው።

ቀስ በቀስ ነገሩ ሕግ ወጣለት። ሕጉን ያወጣችው እናት ራሷ ናት። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ጥያቄውንም መልሱንም አንድ ላይ ነበር የምትሰጣት። «አይሆንም» አለች እናት፤ «ወዲያው ከነገርሽኝማ ቀኑን ሙሉ ምን ላላምጥ?» ስለዚህ ቃሉ ጠዋት ይሰጣል። ልጅቷ በር ላይ ጫማዋን እያሰረች ወርወር ታደርገዋለች። እናት እየሰፋች ስትገምት ትውላለች። መልሱ ማታ ነው፣ እዚሁ ቤት፣ ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስትዘረጋ። «ልንገርሽ እማ?» ትላለች። «ንገሪኝ» ትላለች እናት። ከማታ በፊት አይነገርም፤ ከቤት ውጪም አይነገርም። አንድ ቀን ገበያ መሀል ልጅቷ ልትነግራት ብትሞክር እናት ጆሮዋን ደፍና ሮጣለች፤ የጎመን ነጋዴዎቹ ሌባ የሚያባርራት መስሏቸው ተነስተው ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ቤት ስንት ቃል ገባበት። ዊንዶው የነፋስ ዓይን ሆነ። ፖኬት ትንሽ ከረጢት። መስል የሚሉት የክንድ ጡንቻ ደግሞ ትንሽ አይጥ ሆኖ ተገኘ፤ ሲንቀሳቀስ ከቆዳ ሥር አይጥ የሚሮጥ ይመስላል አሉ። ናይስ ድሮ «ምንም የማያውቅ» ማለት እንደነበር የሰማች ሰሞን፣ ቀሚስ ሊለኩ የመጡ ልጃገረዶች መስተዋት ፊት እየተሽከረከሩ «ናይስ፣ ናይስ» ሲሉ፣ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ልትውጥ ምንም አልቀራት። ሌዲ የተባለው የክብር ስም ከሥሩ «ሊጥ አቡኪ» ሆኖ ሲወጣማ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁን ሚስት ወገብ ስትለካ ቀና ብላ ማየት አቅቷት ነበር።

አስባ ያገኘችው አንድ ብቻ ነው። «ካፕቦርድ» ብላት የሄደች ቀን ማታ፣ ልጅቷ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እናት «ካፕ ስኒ ነው፣ ቦርድ ሳንቃ ነው፤ የስኒ ሳንቃ» አለቻት። ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ አጨበጨበች። ሹፌሩ በግድግዳው በኩል ሰምቶ ምን ተገኘ ብሎ መጣ፤ እሱም ሰምቶ አጨበጨበ። ለወር ያህል ኮት ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ይቺን ሳይሰማ አይወጣም ነበር።

አሁን ያ ቤት ሌላ ቤት ሆኗል። ማሽኑ ጥግ ተገፍቶ አንሶላ ለብሷል። የተጀመሩት ልብሶች ተጠቅልለው ጓዳ ገብተዋል፤ በቦታቸው ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ከሚመጣው ለቀስተኛ እኩሌታው እሷ የሰፋችውን ለብሶ ነው የሚመጣው። ጎንበስ ብለው ሲያቅፏት ትከሻቸው ላይ የራሷን ስፌት ታያለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የላላ ክር ባየች ነበር። አሁን ምንም አይታያትም።

«እግዜር ያጽናሽ።»

«አሜን።»

«ምን ይደረጋል፣ የሰጠ ነሳ።»

«አሜን» ትላለች፤ እያለችም ፊታቸውን ታጠናለች። ይሄ ሰው ያውቅ ይሆን? ይቺስ?

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ መምህራኑን አስከትሎ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ቆሞ ንግግር አደረገ፤ ትምህርት ቤቱ ምሰሶውን አጣ አለ። ምሰሶ ያላት ሴት በሕይወት ሳለች ከሱ ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ መምህራኑም ይሄን ስለሚያውቁ ንግግሩ እስኪያልቅ ወለሉን ሲያዩ ቆዩ። ሞት መቼም ስንቱን ያስታርቃል። ንግግሩ አልቆ ሲቀመጥና እህቷ ቡና ስታቀርብለት ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች።

«ጌታዬ፣ ዶግ ከየት መጣ?»

እህቷ ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዳይሬክተሩ ግን አልደነገጠም፤ አላውቅም የሚለው ነገር አፉ ላይ የማይሆንለት ሰው ነው።

«ከግሪክ ነው እናቴ» አለ ረጋ ብሎ። «ዶጎስ ከሚል ቃል ነው። ታማኝ ማለት ነው።»

«ታማኝ» አለች።

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ላላ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። «ታማኝ» አለች ደግማ ለራሷ። «ይሄን ነው ልትለኝ የነበረው።» እንግዶቹ ሲወጡ እህቷ የቀዳችላትን ቡና ሳትገፋ እስከ አተላው ጠጣች። እህቷ ጓዳ ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው። ሰው ይሄን ያህል ቢዋሽም እግዜር ይስጠው አለች በሆዷ፤ ውሸት መሆኑን እሷም ጠርጥራለች።

ደስታው ፀሐይ እስክትጠልቅ እንኳ አልቆየም። ልብስ ሰፊዋ ስኒውን እያሽከረከረች ቆይታ በድንገት ወለሉ ላይ አኖረችው።

«ዋሸኝ» አለች።

«ማን?»

«ዳይሬክተሩ። እሷ ስለሱ ስታወራ ምን ትል እንደነበር ትዝ አለኝ። 'ያ ሰውዬ የማያውቀው ቃል ሲመጣበት ከግሪክ ያስመጣዋል' ትል ነበር። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው የዋሸኝ።»

እህቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ትዕግሥቷ አልቋል። «እትዬ፣ እስቲ ስሚኝ። ከግሪክም ይምጣ ከሰማይም ይውረድ፣ ላንቺ ምን ያደርግልሻል? እሷ እንደሆነች አትመለስም። ሰው እያዘነልሽ አይደለም፣ እየታዘበሽ ነው። ዝም በይ በቃ፣ ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ልንገርሽ እማ አለችኝ። ማታ ትነግሪኛለሽ አልኳት።»

ሹፌሩ በሩ አጠገብ ነበር። እህትየዋም እሱም የሰሙት ያኔ ነው።

ልጅቷ ሆስፒታል የገባችው «የሐሞት ጠጠር ናት፣ አውጥተው ይጥሏታል» ብላ ነው። ያን ጠዋት ትንሽ ቦርሳ ይዛ፣ በር ላይ ጫማዋን እያሰረች «ዶግ» አለች። እናት የልጅ ካፖርት ገበር እየሰፋች ስለነበር ቀና ሳትል «ደሞ ለውሻ» አለቻት። ልጅቷ ሳቀችና ወጣች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያለችበት ክፍል ብዙ አልጋ አለው፤ መስኮቱ የሚያየው የታጠበ አንሶላ የተሰጣበትን ገመድ ነው። እናት በየቀኑ በጠያቂ ሰዓት ሾርባና ግምት ይዛ ትመጣለች። «ዲግ መቆፈር ነው አላልሽኝም? ውሻ ደግሞ ይቆፍራል። ከሱ ነው።» አይደለም ትላታለች። «እንግዲያው ከጩኸቱ ነው። ዶግ ዶግ ይላል።» ልጅቷ ሆዷን በእጇ ደግፋ ትስቃለች። «የትኛው ውሻ ነው እማ ዶግ ዶግ የሚለው?» የጎን አልጋ በሽተኞች ሁሉ አብረው ይስቃሉ። አንዷ አሮጊት እንዲያውም ከራሷ ግምት ጨምራለች፤ ውሻ ሁሉ ከውጭ አገር ነው የመጣው ብላ።

«ቀርቤያለሁ?» ትላለች እናት ሾርባውን በማንኪያ እያቀረበችላት።

«ገና ነሽ። ይሄ ብዙ ያስኬድሻል።»

ልጅቷ እየከሳች ነበር። የሐሞት ጠጠር ሰውን እንዲህ ያከሳል ወይ ብላ እናት አልጠየቀችም። ሐኪሙ ሲገባም ሾርባ ዕቃውን ልጠብ ብላ ትወጣለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፤ ሆዷ አውቋል፣ አፏ ግን ስለ ውሻ ብቻ ነው የሚያወራው።

የቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። ልጅቷ ጎማ ባለው አልጋ ላይ ተኝታ፣ ነርሷ ልትገፋት እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ነበር። «እማ» አለች ልጅቷ። «ልንገርሽ።»

እናት የሰማችው የየማታውን «ልንገርሽ» ነው። መልሱን እዚህ፣ በዚህ ኮሪደር ላይ ከተቀበለች፣ ይቺን ልጅ ወደ ቤት የሚመልሳት ዕዳ የሚያልቅ መሰላት። ሕጉ ከፈረሰ ማታም የለም ማለት ነው። «አይሆንም» አለች፤ «ማታ፣ ቤት። እዚህ አይነገርም።» አልጋው ተገፋ፤ ባለ ሁለት ታጣፊው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ልጅቷ በዚያ በር በሕይወት አልወጣችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

«ስለዚህ የቃሉን መነሻ ካወቅኩ» አለች ልብስ ሰፊዋ ለእህቷ፣ «ያን ቀን ልትነግረኝ ያለችውን ሰማሁ ማለት ነው። ሌላ ምን ቀረኝ? አንድ ነገር ነው የቀረኝ። እሱን ብቻ ሰምቼ ዝም እላለሁ።»

እህቷ ጎንበስ ብላ የቀሚሷን ጫፍ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች። በመጨረሻ «ላይብረሪ የምትሠራው ጓደኛዋስ?» አለች። «ሁለቱ ነበሩ መጽሐፍ ላይ ተደፍተው የሚውሉት። ከቀብሩ ወዲህ ድርሽ አላለችም እንጂ።»

«ቤቷን አውቀዋለሁ» አለ ሹፌሩ። ኮፍያውን ከመስቀያው አነሳ። «ነገ በጠዋት አመጣታለሁ፤ እምቢ ብትልም አመጣታለሁ።»

እምቢ አላለችም። በማግሥቱ ሰው ገና ሳይበዛ ከሹፌሩ ኋላ ኋላ ገባች። ቀጭን ሴት ናት፣ መነጽሯ ወፍራም። ልብስ ሰፊዋን አቀፈቻትና ትከሻዋ ላይ ተንሰቀሰቀች፤ አጽናኙ ማን፣ ተጽናኙ ማን እንደሆነ ጠፋ።

«ይቅር በይኝ እናቴ» አለች መነጽሯን በመዳፏ እየጠረገች። «ዓይንሽን ማየት ፈርቼ ነው የቀረሁት። እኔ አውቅ ነበር። ጠጠር አልነበረም። ክፉው በሽታ ነው፤ ሐኪሙ የመዳን ተስፋዋ ጠባብ እንደሆነ ነግሯት ነበር። ለእማ እንዳትነግሪ ብላ አስማለችኝ።»

እህትየዋ «ወይኔ» ብላ አፏን ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ግን ይሄን እንደ ተራ ወሬ ሰማችው። ሆዷ የሚያውቀውን ነው የነገረቻት።

«እሱን ተይው ልጄ» አለች። «ተቀመጪ። ዶግ ከየት መጣ?»

ሴትዮዋ ወደ ሹፌሩ ዞራ አየች። መንገድ ላይ ነግሯታል፤ ቢሆንም እንዲህ ፊት ለፊት ስትጠየቅ ከበዳት።

«አይታወቅም» አለች።

«አንቺ ነሽ የማታውቂው ወይስ…»

«ማንም አያውቅም እናቴ። እንግሊዞቹ ራሳቸው አያውቁም። በድሮ ጽሑፋቸው ውስጥ ድንገት ብቅ ብሎ ይገኛል፤ እናቱ ማን፣ አባቱ ማን፣ የደረሰበት የለም። ትልልቁ መዝገበ ቃላት ሁሉ መነሻው አይታወቅም ብሎ ነው የሚያልፈው።»

«እሷስ? እሷ አግኝታው ይሆናል እኮ። እሷ ሥራዋ ነው።»

«እሷም ታውቃለች። እንደማይታወቅ ታውቃለች። አብረን ነው ያየነው፣ ከብዙ ጊዜ በፊት። ሆስፒታል የገባች ቀን 'ለእማ ዶግን ሰጠኋት' ብላ ሳቀች። 'የማያልቅ ቃል ነው፤ ብወጣም ባልወጣም ታላምጠዋለች' አለችኝ።»

«አየሽ እትዬ» አለች እህቷ በእንባዋ መሀል፣ ነገሩ የሚያጽናና መስሏት። «አየሽ፣ ስላንቺ ነበር የምታስበው።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ፣ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት እንደምታደርገው ከንፈሯን ነክሳ ቆየች። ግቢው ውስጥ ሰው ሲገባ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ሹፌሩ ኮፍያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«መልስ የለውም ማለት ነው» አለች።

«የለውም እናቴ።»

«መልስ እንደሌለውም ታውቃለች።»

«ታውቃለች።»

«እንግዲያው ልንገርሽ ያለችኝ የቃሉን አልነበረም።»

ይሄን ሲሰሙ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚያዩበት ጠፋቸው። የላይብረሪዋ ሴት ወደ እሷ ጠጋ አለች። «ምናልባት መልስ እንደሌለው ልትነግርሽ ፈልጋ ይሆናል። እንዳትደክሚ ብላ።»

«አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ነው ሹፌሩን ያስፈራው። «ለሱማ እጄን አትይዘኝም ነበር። ሁሉን አልነገርኳችሁም። ማታ ብያት ብቻ አልተውኳትም። አፏን ያዝኳት፣ በዚህ እጄ። ገበያ መሀል ጆሮዬን እንደደፈንኩት፣ ያን ቀን የሷን አፍ ደፈንኩ። እሷ የእጄን አንጓ ይዛ ልታነሳው ታገለች። ጉልበት አልነበራትም። እኔ ደግሞ የምትቀልድ መስሎኝ ጠበቅ አደረግኩት። አልጋው እየሄደ እኔም አብሬ እየሄድኩ፣ በሩ እስኪደርስ ድረስ አላነሳሁትም።»

«እትዬ፣ በቃ» አለች እህቷ።

«ተናግራዋለች እኮ። ከመዳፌ ሥር ሆና ተናግራዋለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ትንፋሿ ሲሞቀኝ ተሰምቶኛል። አንድ ቃል አይደለም፣ ረዘም ያለ ነበር። ሁሉንም ተናግራ ጨርሳ ነው ዓይኗን የከደነችው። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ምን ይባላል? እግዜር ያጽናሽ የሚለው ቃል እንኳ ያን ሰዓት ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም። እህቷ ልታቅፋት ተነስታ ክፍሉ መሀል ቆመች፤ የላይብረሪዋ ሴት መነጽሯን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ያለ መነጽር የማታየውን ግድግዳ ታያለች።

በሩ ላይ አዲስ ለቀስተኞች ደረሱ፤ ክፍሉን አይተው እዚያው ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ አላየቻቸውም። ቀኝ እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። በመርፌ የተበሳሳውን፣ መቀስ ያጠነከረውን መዳፏን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ጠበቅ አድርጋ ይዛው ቆየች።